ወይን ለማይጠጣ ሰው ቦርዶ ምን አላት?

ቀማሿ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ከረማችሁ?

በጥቅምት መጀመሪያ ፈረንሳይ ልሄድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቦርዶ ላይ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። ካየሁት ሁለት ዓመት አለፈ። እናታችን "ሂጂና ዓይኑን አይተሽልኝ ነይ" ብላ ዕቁቧ ሲደርሳት የትኬቱን ግማሽ ሰጠችኝ። ቪዛው ወጥቷል። ቦርዶ ላይ አምስት ቀን አለኝ። እሱ ቀን ቀን ክፍል ይገባል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነው የምዞረው።

ስለ ከተማዋ ሳነብ የማገኘው ሁሉ ወይን፣ ወይን፣ ወይን ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አልጠጣም። "ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው እዚያ?" የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ነገር ግን ሥራዬ ቅምሻ ነው። ጅማ ላይ የቡና ቀማሽ ነኝ። ቡና በሚገባበት ወቅት በቀን መቶ ሲኒ የምቀምስበት ጊዜ አለ። የሊሙ ቡና ሲመጣ ሁላችንም ቅጹ ላይ "የወይን ቃና አለው" ብለን እንጽፋለን። ይህን ቃል ስጽፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወይን ግን አሽትቼ እንኳ አላውቅም። ሥራውን ያስተማረችኝ ቀማሽ ስትል ሰምቼ ነው የወሰድኩት። ይህ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሳልጠጣ ማሽተት ብቻ የምችልበት ቦታ አለ? ብጠይቅስ ነውር ይሆንብኛል? ሁለተኛ፣ ከወይን ውጪ ምን ልይ? ሕንፃ ፎቶ አንስቼ ብቻ መመለስ አልፈልግም። ሦስተኛ፣ ሳንት ኤሚልዮን የምትባለው ትንሽ ከተማ ሙሉ ቀን ይገባታል?

ያደግኩት አዌቱ ዳር ነው። ወንዝ ያለበት ከተማ ደስ ይለኛል። ከወዲሁ አመሰግናለሁ።


ጋሮን ማዶ

እህት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ እዚህ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው። አጣዳፊ አጣዳፊውን ልንገርሽ።

ከአዲስ አበባ ፓሪስ ሻርል ደጎል ትወርጃለሽ። ከአየር ማረፊያው ቀጥታ ቦርዶ የሚመጣ ፈጣን ባቡር አለ። በቀን ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ሰዓቱን አይተሽ ቀድመሽ ቁረጪ። ካልተመቸሽ ከተማ ገብተሽ ከሞንፓርናስ ጣቢያ ተሳፈሪ። አዲሱ ሐዲድ በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ከዚያ ቦርዶ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ርቀቱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ጅማ በአውቶቡስ የምትሄጂውን አስቢው።

ቦርዶ ሳን ዣን ጣቢያ ስትወርጂ ትራም ሲ በሩ ላይ ነው። ወንዙን ይዞ መሀል ከተማ ያስገባሻል። የወንዝ ጀልባም አለ፤ በትራሙ ትኬት ትሳፈሪበታለሽ። ይህን ብዙ እንግዳ አያውቅም። ለቱሪስት ጀልባ ብዙ ዩሮ ከመክፈልሽ በፊት በሱ ሂጂ።

ምግብ ከፈለግሽ ሳን ሚሼል ሰፈር ነው። ሐላል ሥጋ ቤቱም፣ የሞሮኮ ዳቦውም፣ ሻይ ቤቱም እዚያ ነው። የካፑሳን ገበያ ቅርብ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ሌላ ቀን በጠዋት ሂጂ። ካኔሌ የምትባለውን ትንሽ ኬክ ግን ተጠንቀቂ። ውስጧ ሮም የሚባለው መጠጥ ይገባል። ከላይ የተጠበሰ ስኳር ብቻ ስለምትመስል ማንም አይጠረጥራትም።

ለማሽተቱ ሲቴ ዱ ቫን የሚባል የወይን ሙዚየም አለ። በ2016 ነው የተከፈተው። ትራም ቢ ደጁ ላይ ያቆማል። ውስጡ ሽታ የሚለማመዱበት ቦታ አለ። በመግቢያ ትኬቱ ላይኛው ፎቅ ወጥተሽ አንድ ብርጭቆ ወይን ይሰጥሻል። አልጠጣም ካልሽ የወይን ጭማቂ ነው የሚሰጡሽ። ከላይ ሆነሽ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ታያለሽ። ማንም ምነው አይልሽም።


የመልኮ ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አምና ቱሉዝ ያለችው ልጄ ጋ ከርሜ ነበር። ቱሉዝም በቦርዶ የሚያልፈው የጋሮን ወንዝ ዳር ናት፤ ቦርዶ ከዚያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ቀን ቦርዶ ተቀመጥን። ይረዝምብሻል፤ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የቡና በሽታ ላይ ነው። "ቦርዶ" የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከተማ ሲጠራ አይደለም፤ በርሜል ሲበጠበጥ ነው። ኮፐር ሰልፌትና ኖራ በውኃ በጥብጠን ቅጠል ላይ የምንረጨውን "ቦርዶ ሚክስቸር" ነበር የምንለው። እጄ ስንት ጊዜ ሰማያዊ ሆኗል። መድኃኒቱ የተገኘው እዚያው ነው። ሜዶክ በሚባለው የወይን አገር መንገደኛ ፍሬውን እየቀጠፈ አስቸገረ። ገበሬዎቹ መንገድ ዳር ያለውን ተክል በዚህ ሰማያዊ ነገር መርጨት ጀመሩ። ቀለሙን ያየ ሰው መርዝ ነው ብሎ ይተወዋል። በ1882 ሚያርዴ የሚባል የቦርዶ የዕፅዋት ፕሮፌሰር በዚያ ሲያልፍ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያን ጊዜ ሻጋታ የወይኑን ቅጠል ያረግፍ ነበር። መንገድ ዳር ያለው ግን ቅጠሉ አልረገፈም። ሙከራውን ሠርቶ በ1885 ለዓለም አሳወቀ። ለቀጣፊ የተረጨው ቀለም ኋላ ለእኛ ቡና ደረሰ። እኛስ አገር እሸቱ ሲቀላ መንገድ ዳር ማሳ ላይ ዘበኛ ይቀመጥ የለ? ባቡሩ ወደ ከተማዋ ሲገባና ከመስኮቱ የወይኑን ረድፍ ሳይ፣ የሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ መጡብኝ።

አሁን ወደ ወንዙ።

የጋሮን ውኃ ቡናማ ነው። በክረምት ጊቤ ድልድይ ላይ ሆነሽ ቁልቁል የምታይው ቀለም ነው። ፎቶ አይቶ የመጣ ሰው ሰማያዊ ይጠብቅና "ቆሻሻ ነው" ይላል። ቆሻሻ አይደለም፣ ደለል ነው። ባሕሩ ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ግን ባሕሩ ሲሞላ ግፊቱ እስከ ከተማዋና ከዚያም አልፎ ይደርሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ወንዙ ዞሮ ወደ ላይ ይፈሳል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ስመጣ ሌላ ግንድ ወደ ቱሉዝ አቅጣጫ ይጓዛል። ዓይኔን አላመንኩም። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። ወንድምሽ የባሕሩ ሙላት የሚደርስበትን ሰዓት ስልኩ ላይ ይፈልግልሽ። ከዚያ የድንጋዩ ድልድይ ላይ ቁሚ። ውኃው መጀመሪያ ይቆማል። ከዚያ ይዞራል። ይህን ሳታዪ እንዳትመለሺ።

ድልድዩን ያዘዘው ናፖሊዮን ነው። ያለቀው በ1822 ነው። 17 ቅስት አለው። የከተማው ሰው "በናፖሊዮን ቦናፓርት ስም ፊደል ልክ ነው" ይላል፤ በፈረንሳይኛ ቆጥሬው ልክ ነው። ከሱ በፊት እዚያ ድልድይ አልነበረም። ሰው በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ዛሬ የግል መኪና አይሄድበትም፤ በእግርሽ በእርጋታ ትሄጂበታለሽ።

ከተማዋ ጋ ሲደርስ ወንዙ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፋል። "የጨረቃ ወደብ" የሚሏት ለዚህ ነው። ዩኔስኮም በ2007 በዚህ ስም ነው የመዘገባት። እጥፋቱ ላይ ቦርስ አደባባይ አለ። ፊት ለፊቱ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውኃ ያነጥፋሉ። ሕንፃው ሁሉ እላዩ ላይ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ውኃው ይጠፋና ጉም ይነሣል። ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጡበታል። ቆንጆ ነው፤ ሁሉም ፎቶ የሚያነሣው እሱን ነው።

አንቺ ግን ቀና በይ። ከየበሩና ከየመስኮቱ በላይ የድንጋይ ፊት አለ። ሽማግሌ፣ አንበሳ፣ ሴት። ከነሱ መካከል የአፍሪካ ሰው ፊት ታገኛለሽ።

እሱን ሳይ ነው ጥያቄ የገባኝ። ይህ ሁሉ ድንጋይ በምን ገንዘብ ተቆለለ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦርዶ የከበረችው በወይን ብቻ አይደለም። በስኳር ነው፣ በቡናም ነው። ቡናው የሚመጣው ከሳን ዶሚንግ፣ ከዛሬዋ ሃይቲ ነበር። የለቀሙት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ከቦርዶ የተነሡ መርከቦች ከ120 ሺህ በላይ ሰው ከአፍሪካ አግዘዋል። አኪቴን ሙዚየም ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ለዚህ ታሪክ ብቻ የተለዩ ክፍሎች አሉ። ግማሽ ቀን ስጪው። እኛ ቡና ስንል ደስታ ነው የሚታየን። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጭሱ ተጭሶ፣ አቦል ተቀድቶ። እዚያ ክፍል ውስጥ ቡና ሌላ ነገር ነው። ልቤ ከብዶት ወጣሁ።

ከዚያ በወንዙ ዳር ወደ ኬንኮንስ አደባባይ አቅጣጫ ሂጂ። የሴት የነሐስ ሐውልት ታገኛለሽ። ሞዴስት ቴስታስ ይሏታል። ስሙ ያስጠመቋት ሰዎች የሰጧት ነው። የራሷ ስም አል ፑሲ ነበር። በ1765 የተወለደችው በእኛ አገር ነው፣ ኢትዮጵያ። ገና ልጅ ሳለች ተማርካ ተወሰደች። የቦርዶ ነጋዴ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ገዟት። ሳን ዶሚንግ ወዳለው የስኳር እርሻቸው ሄደች። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነፃ ወጣች፤ መሬትም ተወላት። በ1870 ሃይቲ ውስጥ በ105 ዓመቷ አረፈች። የልጅ ልጇ ፍራንስዋ ዴኒ ሌጂቲም የሃይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሐውልቷን የሠራው የሃይቲ ቀራፂ ነው። የቆመው ሜይ 10 ቀን 2019 ነው።

ልጄ ታሪኳን ከስልኳ ላይ ስታነብልኝ "ኢትዮጵያ" የሚለው ጋ ስትደርስ አስቆምኳት። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ሰዎች በብስክሌት አጠገባችን ያልፋሉ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ቦርዶ ምን አላት ብለሽ ጠይቀሻል። መጀመሪያ እሷ አለች።

ስለ ቅምሻው አትጨነቂ። የወይን ቀማሾችም እንደ እናንተው ይተፋሉ። መትፊያው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አያፍርበትም። አንዱን ስመለከተው አየር ስቦ አፉ ውስጥ ሲያዞረው ያው የእናንተ ድምፅ ነው፤ ማንኪያው ብቻ ነው የቀረው። "አልጠጣም፣ የቡና ቀማሽ ነኝ፣ ማሽተት እፈልጋለሁ" በይ። ያከብሩሻል።

እዚያ ስትሆኚ ደግሞ ጠርሙሱን አንብቢ። እኔን ያስቀናኝ እሱ ነው። የወንዙ ግራ ዳር ጠጠር ነው፤ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው ዘር ይስማማዋል። ቀኝ ዳሩ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ሜርሎ ይበዛል። የመንደሩ ስም፣ የእርሻው ስም፣ ዓመቱ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ብለው የሜዶክን እርሻዎች በደረጃ አስቀመጡ። እስከ ዛሬ ያ ዝርዝር ብዙም አልተነካም። የእኛ ያልታጠበ ቡና ደግሞ ከጎማም ይምጣ ከማና፣ ከጌራም ይምጣ ከሰቃ፣ አንድ ጆንያ ገብቶ "ጅማ 5" በሚል የደረጃ ስም ሲጠራ ኖረ። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የንግድ ምልክት ወጥቶላቸዋል። የእኛ ስም መቼ ነው ጠርሙስ ላይ የሚወጣው እያልኩ ነው ሱቁን የዞርኩት።

ሳንት ኤሚልዮን ሙሉ ቀን ይገባታል። ባቡሩ 40 ደቂቃ አይሞላም። ከጣቢያው መንደሩ ድረስ በወይኑ መካከል በእግር ትሄጂያለሽ። ጥሩ ጫማ አድርጊ፤ መንገዱ ዳገትና ድንጋይ ነው። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አላት። ላሊበላን ያየ ሰው ሲገባ ዝም ይላል። የላሊበላዎቹ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው ጣሪያቸውን ሰማይ ያየዋል። ይሄኛው ግን ኮረብታው ሆድ ውስጥ ነው፤ ደወሉ ብቻ ከላይ ብቅ ብሏል። ብቻሽን አያስገቡሽም። ቱሪስት ቢሮው አስጎብኚ ይሰጥሻል፤ ቀድመሽ አስመዝግቢ።


ቀማሿ ከጅማ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴም አነበብኩላት። አል ፑሲ ጋ ስደርስ "ኢናሊላሂ" ብላ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "እናቷስ?" አለችኝ።

ጋሮን ማዶ፣ የካኔሌዋን ስለነገርከኝ ተባረክ። ወንድሜ "በጣም ይጣፍጣል፣ ትበያለሽ" ሲለኝ ነበር!


የሂርማታ ልጅ

ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በቅን ልቦና ውሰዱልኝ።

አል ፑሲ የእኛ ሰፈር ልጅ ናት ብለን አንቸኩል። በ1765 ኢትዮጵያ የሚለው ስም በውጭ ሰው አፍ ሰፊ ነበር። ግን እሷን ስናስብ የራሳችንንም ገበያ እናስብ። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከሩቅ ደቡብና ምዕራብ የተነዱ ልጆች በጅማ አልፈው ወደ ቀይ ባሕር ሄደዋል። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ነው። ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ጅሬን ላይ ስላለው የእንጨት ጥበብ ስንኮራ ነው የኖርነው፤ መኩራትም ይገባናል። ስለ ገበያው ሌላ ጎን ግን ቤት ውስጥ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። አያቴን አንድ ቀን ጠይቄያት "ይህን አታንሣ" አለችኝ። ለምን እንዳለችኝ አሁን ይገባኛል። በኛም ሰፈር የነዚያ ሰዎች ልጆች አሉ፤ የሻጮቹም ልጆች አሉ። አብረን ነው ቡና የምንጠጣው።

የቦርዶ ሰዎች ይህን ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አስገብተው፣ ሐውልት አቁመው ተናገሩት። ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እኔ በሂርማታ ስመላለስ ስለዚህ የሚናገር አንድ ምልክት አላየሁም። እህቴ፣ ፎቶ ስታነሺ ጽሑፉንም አንሺልን። እንዴት እንደጻፉት ማየት እፈልጋለሁ።


ባቱ ሐይቅ ዳር

ስለ ወይን ተክል ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ባቱ ብታልፊ ጥሩ ነበር። እዚህ ዝዋይ ያለው የካስቴል የወይን እርሻ ከቦርዶ ጋር ቤተሰብ ነው። ካስቴሎች ከዚያው ከቦርዶ የተነሡ ናቸው። ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ሲራ፣ ሻርዶኔ ሁሉም አለ። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦርዶ ይህ ችግር የላቸውም!

ሁለት ወቅት ለቅሜያለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ቦርዶ ፍሬውን ካስቀመሱሽ እንደ ገበያው ወይን አይደለም። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ብዙ ዘር። ጥፍጥናው ግን ኃይለኛ ነው። ቆዳውን አኝኪው። ያ ምላስ የሚይዘው ነገር ከቆዳውና ከዘሩ ነው የሚመጣው። እሱን መቅመስ ደግሞ ሐራም የለውም።


የመልኮ ጡረተኛ

የሂርማታ ልጅ፣ ልክ ብለሃል። እኔም ሐውልቱ ፊት ቆሜ ጣቴን ወደ ቦርዶ ብቻ ነበር የቀሰርኩት። ጅማ 40 ዓመት ኖሬ ስለ ሂርማታ እንዲህ አስቤ አላውቅም። አመሰግናለሁ።


ቀማሿ ከጅማ

ትናንት ማታ ጅማ ገባሁ። ሳይቀዘቅዝ ልጻፍላችሁ።

ወንድሜ ደህና ነው። ከስቷል። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሲቴ ዱ ቫን ሄድኩ። ሽታ መለማመጃው ጥሩ ነው፤ ግን የኛን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ ያልቃል። የተማርኩት ሳንት ኤሚልዮን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ ዳገቱን ስወርድ አንድ ትንሽ የወይን ሱቅ ገባሁ። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ትችላለች። ጋሼ እንዳሉኝ "የቡና ቀማሽ ነኝ፣ አልጠጣም፣ ማሽተት ብቻ ነው የምፈልገው" አልኳት። ፊቷ በራ። አራት ብርጭቆ ደርድራ በትንሽ በትንሹ ቀዳችልኝ። አንድ ብርጭቆ ውኃም አስቀመጠች። "እንደ ሥራሽ አድርጊው" አለችኝ።

ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ቆምኩ። እሸት ቡና የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሲበረታ የሚሸተው ሽታ ነው። ጣፋጭ፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ትንሽ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ። ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት ቃል ውሸት አልነበረም። አስተማሪዬ እውነቷን ነበር። አራተኛው ብርጭቆ ግን እንጨትና ቆዳ ነው የሚሸተው፤ እሱን የኛ ቡና ላይ ብናገኘው ጉድለት ብለን ነጥብ እንቀንሳለን። ስለዚህ "የወይን ቃና" ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የቱ ወይን? ከዛሬ ጀምሮ ቅጹ ላይ ያሸተትኩትን በራሴ ቃል ነው የምጽፈው። "አልጋ ላይ የዋለ እሸት" ብዬ።

ከቤት የቆላሁት ቡና ይዤ ነበር። ሰጠኋት። ከፍታ አሸተተች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ከየትኛው ኮረብታ ነው?" የሚል ነው። አጎቴ ጌራ ላይ ካለችው ማሳው የሰጠኝ ስለሆነ መመለስ ቻልኩ። ከገበያ የገዛሁት ቢሆን ኖሮ "ጅማ" ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። እስክሪብቶ አውጥታ ከረጢቱ ላይ "ጌራ" ብላ ጻፈች፤ ዓመቱንም ጨመረችበት። ከጠርሙሶቹ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ጋሼ፣ እርስዎን አስታወስኩ።

አኪቴን ሙዚየም ወንድሜ አብሮኝ ሄደ። ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ገብቶ ግን አያውቅም ነበር። ከዚያ ወንዙ ዳር ወደ እሷ ሄድን። አንዳንድ ሰው እግሯ ሥር አበባ አስቀምጧል። እኔ ፋቲሃ ቀራሁላት። እምነቷን አላውቅም፤ ግን አንድ ሰው በአገሯ ሰው አፍ ዱዓ ያድርግላት ብዬ ነው። እናቴ በስልክ አብራን ነበረች። ስልኩን ወደ ፊቷ አዞርኩት። እናቴ "አል ፑሲ" ብላ በስሟ ጠራቻት። የሂርማታ ልጅ፣ የጽሑፉን ፎቶ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

ባቱ ሐይቅ ዳር፣ ፍሬውን ቀመስኩት። ከለቀማ የተረፈ ዘለላ ነበር፤ ሴትዮዋ ከጓሮዋ ቆርጣ ሰጠችኝ። ቆዳውን አኘክሁ። ልክ እንዳልሽው ነው።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ፈጅር ሰግደን ድልድዩ ላይ ወጣን። ወንድሜ የሙላቱን ሰዓት ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ብርድ ነው፤ ጋቢውን ለሁለት ለብሰናል። ውኃው መሰሶዎቹ ሥር ተረጋጋ። ምንም አይንቀሳቀስም። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦታው ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ጀመረ። ወንድሜ ሁለት ዓመት በዚህ ድልድይ ትምህርት ቤት ተመላልሷል። አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። "እስኪ ቆይ፣ እስኪ ቆይ" እያለ ክፍል እስኪረፍድበት አብሮኝ ቆመ።